የማን ፀሐይ? የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት ሲዳሰሱ

ፎቶግራፍ መማሪያ መጽሐፉን ይዞ ነው የተወለደው። ኦገስት 19 ቀን 1839 የሉዊ ዳጌር የፎቶ ማንሻ ዘዴ ፓሪስ ላይ ይፋ ሲደረግ፣ ዳጌር ራሱ ያዘጋጀው የአሠራር መመሪያ በዚያው ሰሞን ታትሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉሞ ተሰራጨ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕል ወይም የብር ሥራ መማር የፈለገ ሰው አንድ ባለሙያ ቤት ገብቶ ዓመታት ያገለግል ነበር። ፎቶ ግን ገና ባለሙያ አልነበረውምና ለመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ዋናው አስተማሪ ያ ቀጭን መመሪያ ሆነ። በእንግሊዝ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ያሳተመው «ዘ ፔንስል ኦቭ ኔቸር» 24 ፎቶዎች ያሉበት ሲሆን፣ ከአሠራሩ ይልቅ ፎቶ ምን እንደሚጠቅም ያስረዳል። የሸክላ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ከሚታዩበት ፎቶ ጋር የተጻፈው ማብራሪያ፣ ሌባ ዕቃውን ቢወስደው ምስሉ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሊቀርብ እንደሚችል ያነሳል። ሰውየው አርቆ አሳቢ ነበር።

ስለዚህ ፎቶ ማንሳት ከመጽሐፍ ይለመዳል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ ይለመዳል። የሚያከራክረው ከየትኛው መጽሐፍ ምኑን የሚለው ነው። የፎቶ መጽሐፍ ሁሉ የሆነ አገር ፀሐይ ሥር፣ የሆኑ ሰዎች ፊት ላይ ተሞክሮ የተጻፈ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ አንባቢው ባለበት አገር ይሠራል፤ ቁጥሩን ብቻ የሚሰጥ ግን ከተጻፈበት አገር አይወጣም። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ካላስተዋለ፣ መጽሐፉን በደንብ እያነበበ ፎቶው ይጨልምበታል።

ከሁሉም አጭሩ የፎቶ ትምህርት ከፊልም ጋር በካርቶኑ ተጣጥፎ የሚመጣው ወረቀት ነበር። ጠራራ ፀሐይ፣ ስስ ደመና፣ ከባድ ደመና፣ ጥላ፤ ለየአንዳንዱ አንድ ትንሽ ሥዕልና አንድ ቁጥር። ከየትኛውም ደራሲ ይልቅ ብዙ ሰው ያስተማረው ይህ ወረቀት ይመስለኛል። መሠረቱ ፎቶ አንሺዎች «ሰኒ ሲክስቲን» የሚሉት ሕግ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 16፣ የሻተር ፍጥነቱ (ሻተሩ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) ደግሞ አንድ ሰከንድ ለአይኤስኦው (ለፊልሙ ወይም ለሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘው። አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ሰከንድ፣ ካልሆነም ለእሱ የሚቀርበው 1/125። ሕጉ በዲጂታል ካሜራም ይሠራል። የሚነሳው ነገር የሚመልሰውን ብርሃን ሳይሆን ከፀሐይ የሚወርደውን ብርሃን መነሻ ስለሚያደርግ ነጭ ነጠላም ሆነ ጥቁር ካባ አያሳስተውም። ካሜራው ውስጥ ያለውን የብርሃን መለኪያ፣ ላይት ሜትሩን፣ ግን ሁለቱም ያሳስቱታል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዛሬ ጀማሪ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠቆምለት መጽሐፍ የብራያን ፒተርሰን «አንደርስታንዲንግ ኤክስፖዠር» ነው። በ1990 ወጥቶ ደጋግሞ ታድሷል፤ አራተኛው እትም የ2016 ነው። ትልቁ ውለታው አፐርቸር፣ ሻተርና አይኤስኦ ተያይዘው የሚሠሩ መሆናቸውን ማንም በሚገባው ቋንቋ ማስረዳቱ ነው። 1/1000 ሰከንድ በኤፍ 4፣ 1/250 በኤፍ 8፣ 1/60 በኤፍ 16፤ ሦስቱም ወደ ካሜራው የሚያስገቡት ብርሃን እኩል ነው። ፎቶዎቹ ግን አንድ አይደሉም። እስክስታ የሚመታ ሰው በመጀመሪያው ትከሻው አየር ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ በሦስተኛው ፊቱ እየታየ ትከሻው ይተናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን አንሺው መሆኑን ፒተርሰን ደጋግሞ ያሳስባል፤ አውቶማቲኩን ትቶ በማኑዋል ለመሥራት የሚደፍር ሰውም ብዙ ጊዜ ድፍረቱን የሚያገኘው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

ቅሬታዬ ከፎቶዎቹ ሥር በተጻፉት ቁጥሮች ላይ ነው፤ ይህ የፒተርሰን ብቻ ሳይሆን የዘርፉ ሁሉ ልማድ ነው። ይህ በዚህ ሌንስ፣ በዚህ አፐርቸር፣ በዚህ ፍጥነት ተነሳ ይላሉ። አንባቢውም ቁጥሩን ይገለብጣል። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ አንሺው ስንት እርምጃ እንደተጠጋ፣ ለምን ያን ሰዓት እንደመረጠ ሳይነገር የተጻፈ ቁጥር ለሌላ ሰው የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው።

ቁጥርን ከነምክንያቱ ያስተማረው አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ነው። በወጣትነቱ ፒያኖ ተጫዋች ሊሆን ያሰበው የሳን ፍራንሲስኮው ሰው ዋና መማሪያዎቹን መጀመሪያ ያሳተመው ከ1948 ጀምሮ ነው፤ በኋላ እንደገና ጽፏቸው «ዘ ካሜራ» በ1980፣ «ዘ ኔጋቲቭ» በ1981፣ «ዘ ፕሪንት» በ1983 ወጡ። በቀጣዩ ዓመት አረፈ። የመጻሕፍቱ ልብ ከፎቶ አንሺው ፍሬድ አርቸር ጋር በ1940 አካባቢ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያደራጁት «ዞን ሲስተም» ነው። ከድፍን ጥቁር እስከ ወረቀቱ ንጣት ያለውን በ11 ደረጃ፣ ከዞን 0 እስከ ዞን 10 ይከፍለዋል። በየደረጃው መካከል ያለው ርቀት አንድ ስቶፕ ነው፣ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ፤ መሐል ላይ ያለው ዞን 5 የወደቀበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ግራጫ ነው። አንሺው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ፊቱን፣ ሰማዩን፣ ጥላውን የትኛው ዞን ላይ እንደሚያውለው ይወስናል።

ይህ እውቀት ምን እንደሚያደርግ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ታየ። ጨረቃ ወጥታለች፤ ልትጠልቅ ያለችው ፀሐይ የመቃብር መስቀሎቹን ታበራለች። አዳምስ ላይት ሜትሩን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ በአንድ ስኩዌር ጫማ 250 ካንድል። ከዚያ ተነስቶ አሰላ፣ ጨረቃዋን ዞን 7 ላይ አዋላት፣ በኤፍ 32 ለአንድ ሰከንድ ከፈተ። ለሁለተኛ ፎቶ ፊልሙን ሲያዞር ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄዷል። ጨረቃ የፀሐይን ብርሃን የምትመልስ ድንጋይ ናት፤ አየሩ ጥርት ካለና ከፍ ካለች ጎንደር ላይም ብርሃኗ ያው ነው። ኒው ሜክሲኮ ላይ የተያዘ ቁጥር ጎንደር ድረስ የሚሠራው ምክንያቱ አብሮ ስለሚታወቅ ነው።

ከአዳምስ ሲማሩ ግን አንድ ነገር መገልበጥ ያስፈልጋል። ለጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ የሚሰጠው ምክር ኤክስፖዠሩን ለጥላው አስተካክል ነው፤ በኔጋቲቭ ላይ በጥላ የጠፋ ዝርዝር በኋላ በምንም ዓይነት እጥበት አይመለስም። ዲጂታል ላይ ተቃራኒው ነው። የጨለመው በኤዲት ሊወጣ ይችላል፤ ነጥቶ የተቃጠለው ግን አይመለስም። ምክሩን ከነምክንያቱ የተረዳ ይህን ራሱ ይደርስበታል፤ ቃል በቃል የተከተለ ግን የሙሽራዋን ቀሚስ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ፊት ቀለም። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛው ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። በጥምቀት ነጭ የለበሰ ምእመን ፍሬሙን ሞልቶት ሲነሳ፣ ላይት ሜትሩ «በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ማታ በጧፍ ብርሃን፣ ከኋላ ጨለማ በሆነ ቅኔ ማሕሌት የቆመ መዘምር ሲነሳ ደግሞ በተቃራኒው ፊቱ ይነጣል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት፤ ለነጩ ወደ መደመር፣ ለጨለማው ወደ መቀነስ። የተሻለው ግን ስፖት ሚተሪንግ አድርጎ ፊቱን ብቻ መለካት ነው። የአዳምስ ሰንጠረዥ ፀሐይ ላይ ያለ የነጭ ሰው ፊትን ዞን 6፣ ጥቁር ፊትን ዞን 5 ላይ ያስቀምጣል፤ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ስቶፕ ነው። ፊቱ 5 ላይ ውሎ ነጠላው 8 ቢደርስ እንኳ የጥበቡ ክር አይጠፋም። ብዙ ተወዳጅ መጻሕፍት ግን ፊትን ለካና አንድ ስቶፕ ጨምር ብለው ያልፉታል። ያ ምክር ለዞን 6 ፊት የተጻፈ ነው። በአንድ የሰርግ ፎቶ ላይ ቀዩ፣ ጠይሙና ጥቁሩ ጎን ለጎን በሚቆምበት አገር አንድ ቁጥር ለሁሉም አይበቃም። መዳፍን መለካት ይሻላል፤ የመዳፍ ቀለም እንደ ፊት ቀለም ከሰው ሰው ብዙ ስለማይለያይ ልዩነቱ ይጠባል፤ የራስን መዳፍ ከግራጫ ካርድ ጋር አንዴ አስተያይቶ ማወቅ ይበቃል።

ጥፋቱ የደራሲዎቹ ብቻ አልነበረም። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ባለሙያዎች «የሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ማተሚያው የሚስተካከለው የእሷ ፊት እስኪያምር ነበር። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ኮዳክ የቡናማ ቀለምን አያያዝ ያሻሻለው የጠቆሩ ሰዎች ስላማረሩ ሳይሆን የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ስለተማረሩ መሆኑን ከኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች አንደበት መዝግባለች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በቀለም ፊልም የተነሳ የቤተሰብ አልበም የሚያገላብጥ ኢትዮጵያዊ የአንዳንዱ ዘመድ ፊት ለምን ከጥላው እንደማይለይ ይጠይቅ ይሆናል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው የመጻሕፍቱ ድብቅ አድራሻ ፀሐይ ናት። ማለዳና ወደ ማታ ያለውን ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ጠብቅ የማይል የፎቶ መጽሐፍ ማግኘት ከባድ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሰዓቱ ርዝመት ግን እንደየአገሩ ነው። ሎንዶን ላይ በሰኔ ፀሐይ በአግድም እየተንሸራተተች ስለምትወጣ ከአድማስ 6 ዲግሪ ለመድረስ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ያንኑ ከፍታ በ25 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች። መጽሐፉን አምኖ ዘና ብሎ ትራይፖድ የሚዘረጋ ሰው ብርሃኑ ያመልጠዋል። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ቀትር ላይ አናት ላይ ነች፤ ዓይኖች የቅንድብ ጥላ ውስጥ ይሰምጣሉ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ጥላው ይበረታል። ሙሽሮች ደግሞ ለፎቶ ወደ ፓርክ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በዚሁ ክፉ ሰዓት ነው፤ ቪዲዮ አንሺው ይቸኩላል፣ ሚዜው ይቸኩላል።

ለዚህ የሚረዳው የወርቃማ ሰዓት ምዕራፍ ሳይሆን የብርሃንን ጠባይ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። እኔ ከመማሪያዎቹ ሁሉ አስቀድሜ የማስነብበው ፊል ሀንተርና ፖል ፉኩዋ የጻፉትን፣ በኋላ ስቲቨን ቢቨር የተጨመረበትን «ላይት፣ ሳይንስ ኤንድ ማጂክ» ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1990 ነው። ስለ ካሜራ የሚያወራው ጥቂት ነው። የጥላን ጥንካሬ የሚወስነው የብርሃኑ ምንጭ ከሚነሳው ነገር አንጻር ያለው ስፋት ነው ይላል። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም በርቀቷ ምክንያት ለእኛ ትንሽ ነጥብ ስለሆነች ጥላዋ የተሳለ ነው፤ ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ በሙሉ ምንጭ ስለሚሆን ጥላው ይላላል። ይህን የተረዳ ፎቶ አንሺ በቀትር ሙሽራዋን ፀሐይ ላይ አያቆማትም። በረንዳ፣ የዋርካ ጥላ፣ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት ለፊት ያለ የበር ደፍ፤ እነዚህ ሁሉ ፀሐይቱን ወደ ሰፊ ምንጭ የሚለውጡ ናቸው፣ ኪራይም የላቸውም።

የመጽሐፉ ሁለተኛ ሐሳብ ነጸብራቅ ነው። አንዳንዱ ገጽ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል፣ እንደ ነጭ ወረቀት። አንዳንዱ ደግሞ በመጣበት ማዕዘን መልሶ ይወረውረዋል፣ እንደ መስታወት። የብር መስቀልን ወይም የጣሊያን ቡና ማሽንን ማንሳት የሚያስቸግረው ዕቃው ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ክፍል ስለሚታይበት ነው። ስለዚህ መብራቱን ወደ መስቀሉ ከማነጣጠር ይልቅ መስቀሉ «የሚያየው» ቦታ ላይ ነጭ አንሶላ መወጠር ይበጃል። ብርጭቆ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ፤ ከኋላው ብሩህ ግድግዳ ካለ ጠርዙ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ከኋላው ጨለማ ሆኖ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጠርዙ ያበራል። በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይህን አንድ ምዕራፍ ቢያነቡ ደንበኞቻቸው ጠርሙሱ ላይ የሻጩን መልክ ማየታቸውን ያቆሙ ነበር። ለጠቆረ ፊትም ያው ሕግ ይሠራል። የጠቆረ ቆዳ የሚበትነው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ የፊቱን ቅርጽ ይበልጥ የሚያሳየው ወዙ ነው፤ ምንጩ ሰፊና ቅርብ ከሆነ ወዙ ጉንጭ ላይ ለስለስ ብሎ ይዘረጋል፣ ትንሽ ፍላሽ ከሆነ ግን ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ይሆናል።

ስለ ሶፍትዌርና ስለ አንድ የካሜራ ሞዴል የሚጻፉት መጻሕፍት ብዙ አያቆዩንም፤ ሶፍትዌሩ ሲታደስ መጽሐፉ ያረጃል፣ ለዚያ ቪዲዮ ይሻላል። የስኮት ኬልቢ «ዘ ዲጂታል ፎቶግራፊ ቡክ»፣ በ2006 የጀመረው፣ ነገ ሰርግ ላለበት ሰው ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ የሚል ጨዋታ አዋቂ ጓደኛ ነው። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ግን የሚሰጠው መልስ ጥቂት ነው።

በጣም አስቸጋሪው ክፍል ማየትን ማስተማር ነው። እዚህ ጋ መጻሕፍቱ ወደ ሕግ ይሸሻሉ፤ ሕጉም ሁልጊዜ ፍሬሙን በሦስት ክፈል የሚለው ነው። ይህን ሕግ በስም ጠቅሶ የጻፈው ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ ዓመቱ 1797፣ ማለት የዳጌር ዘዴ ይፋ ከመሆኑ 42 ዓመት በፊት። ለገጠር ሥዕል የተጻፈ ምክር ነበር። የእኛ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፎቶ ቤት ምስል ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው፤ ሰውየው መሐል ላይ፣ ፊት ለፊት፣ እግሩ ሳይቆረጥ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ። ስሕተት አይደለም። የሚነሳው ሰው ክብሩን የሚያየው በዚያ አቋም ነው፤ መሐል መሆኑም ሆን ተብሎ ነው። ሕጉን ያነበበ ወጣት አያቱን ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ገፍቶ ሲያነሳቸው፣ «ለምን ጥግ አስያዝከኝ?» ቢሉት መልስ ያስፈልገዋል።

ማየትን በእውነት የሚያስተምሩት መማሪያ ተብለው ያልተጻፉት ናቸው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ ጆን ዛርኮቭስኪ በ1966 ያሳተመው «ዘ ፎቶግራፈርስ አይ» አንድም የካሜራ ቅንብር አይነግርም። ፎቶን በአምስት ነገር ያያል፤ የተነሳው ነገር ራሱ፣ ዝርዝሩ፣ ፍሬሙ፣ ጊዜው፣ የቆሙበት ቦታ። የታላላቆቹን ፎቶ ስማቸው ከማይታወቅ የሰፈር አንሺዎች ሥራ ጋር ደባልቆ ያቀርባል፤ ገጹን ሲገልጡ የትኛው የማን እንደሆነ መገመት ያዳግታል፣ ያ ራሱ ትምህርት ነው። በ2007 ማይክል ፍሪማን በዚሁ ርዕስ ያወጣው ሌላ መጽሐፍ በሥዕላዊ መስመሮች እያስረዳ ይሄዳል፤ ለትምህርት ቤት ይመቻል፣ ግን የዛርኮቭስኪን ያህል ዓይን አይከፍትም።

መጽሐፍ ሳይነካ የደረሰም አለ። የባማኮው ሴይዱ ኬይታ በ1935 አጎቱ ባመጣለት ትንሽ ኮዳክ ጀምሮ፣ ከከተማው አንሺዎች ሥር ተምሮ፣ በ1948 ስቱዲዮ ከፈተ። ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው ግቢው ውስጥ በተፈጥሮ ብርሃን ነበር፣ የአልጋ ልብሱን መጋረጃ አድርጎ። በአገራችንም ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ነው የወረደው፤ የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያቸውን ለልጆቻቸው ለሀይጋዝና ለቶርጎም አውርሰዋል። ፎቶ ቤት ገብቶ የሚማር ልጅ መጽሐፍ የማይሰጠውን አንድ ነገር ያገኛል፤ «ይቺን ጣላት» የሚለው ሰው አለ።

የመማሪያዎቹ ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው፤ መምረጥን አያስተምሩም። ፎቶ አንሺው ሮበርት ፍራንክ በ1958 ፓሪስ ላይ ለታተመው «ዘ አሜሪካንስ» ከ27,000 በላይ ፍሬም አንስቶ ያስቀረው 83 ፎቶ ነው። ይህን ወደሚያሳይ መጽሐፍ መሄድ ያስፈልጋል። በ2011 የወጣው «ማግነም ኮንታክት ሺትስ» የታወቁ ፎቶዎችን ከነጎረቤቶቻቸው፣ ከተነሱበት ሙሉ ፊልም ጋር ያቀርባቸዋል፤ ኮንታክት ሺት የሚባለው ይህ የፊልሙ ፍሬሞች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ የታተሙበት ነው። አንሺው እንዴት እንደተጠጋ፣ መቼ እንደሳተ፣ የትኛው ላይ በቀይ እንዳከበበ ይታያል። ትልቅና ውድ መጽሐፍ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ አንባቢ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ቢጠይቅ ሊዋሰው ይችላል። አዲስ አበባ ላለው ደግሞ ኮንታክት ሺቱ ስልኩ ውስጥ አለ። ከልደት ወይም ከምርቃት መልስ ያሉትን አንድ ዓይነት ፎቶዎች እዚያው ቆሞ ከመሰረዝ ይልቅ ማሳደር፣ በማግስቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማየት፣ አንዱን ብቻ ማስቀረት፣ ከዚያም በቤቱ ላለ አንድ ሰው የተቀሩትን ለምን እንደጣለ ማስረዳት ነው።